ጾማችንን በመደርደሪያው የሚያውቅ ባለሱቅ

«ምኑ ነሽ?»

ይህን የጠየቁኝ ከቡታጅራ የመጡ የጋሽ ሸምሱ ዘመድ ናቸው። እሱ በተቀበረ ማግስት፣ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ከሴቶቹ መሀል ገብቼ እንደተቀመጥኩ ነው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ልቅሶ ቤት የመጣ ሰው ምን እንደሆነ ይጠየቃል። አንዷ እህቱ ነኝ ትላለች፣ አንዷ የአክስቱ ልጅ፣ ሌላዋ ጎረቤት። እኔ «ደንበኛው ነኝ» አልኩ። ያበጠውን ዓይኔን አዩት። «ደንበኛ?» አሉና ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። አልፈርድባቸውም። ዘይትና ሳሙና ለሸጠ ሰው እንዲያ አይለቀስም። ነገር ግን ሌላ ምን ልበል? ስለዚህ እኔ ምኑ እንደነበርኩ ይቆየኝና እሱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ልጻፍ።

መሞቱን የሰማሁት ጨለለቅቱ የምትባል ከተማ ሆኜ ነው። ከምሠራበት ትምህርት ቤት ለፈተና ቁጥጥር ልከውን ገና ወረቀቱን አድለን ሳንጨርስ እናቴ ደወለች። «ሸምሱ አረፈ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሱቁም ተዘግቷል። እንግዲህ ዘይት ከየት ልገዛ ነው?» እናቴ ልበ ደረቅ ሆና አይደለም። ሐዘን ሲደርስባት መጀመሪያ የሚታያት የጎደለው ነገር ነው፤ አባቴ የሞተ ዕለትም «አጥሩን ማን ሊያጥርልኝ?» ነበር ያለችው። ተፈቅዶልኝ፣ በሞተር ወጥቼ፣ ሚኒባስ ጠብቄ ዲላ ስደርስ ከቀብር የተመለሱት ሰዎች እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። በእነሱ ወግ ሬሳ አያሳድሩም።

ሱቁ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። ክረምት ላይ ያ መንገድ ቀይ ጭቃ ስለሚሆን እናቴ ከበራችን ሆና «አንተ ሸምሱ!» ብላ ትጣራለች። እሱም «እትዬ አስካለ፣ እርስዎ አይሻገሩ፣ እኔ እመጣለሁ» ይልና ዕቃውን በብብቱ ሸጉጦ በድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ ይመጣል። ረጅም ሰው ነበር፤ ዝቅተኛ ጣሪያ ሥር ብዙ ዘመን ቆሞ በመሥራቱ ይሁን በተፈጥሮው እንጃ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። ሲያስብ ቆቡን በአንድ ጣቱ ከፍ አድርጎ ግንባሩን ያሻል። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቤት ከታናሽ እህቱ ከዘይነባ ጋር ይኖር ነበር።

ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልለው በአሮጌ ጋዜጣና ሽፋኑ በወለቀ መጽሐፍ ነው። እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እኩዮቼ ልጆቻቸውን አንደኛ ክፍል ሲያስመዘግቡ እኔ በማታው ክፍለ ጊዜ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጬ ፊዚክስ እማር ነበር። ሰፈሩ ይስቅብኛል፤ «ጽጌ ደግሞ ዶክተር ልትሆን ነው» ይላል። ጋሽ ሸምሱ ስቆብኝ አያውቅም። ከመጠቅለያው ክምር ውስጥ መጀመሪያና መጨረሻው የተሟላውን ጽሑፍ ለይቶ ከሚዛኑ ሥር ያስቀምጥልኛል። «ይቺ ከነራሷ ከነጅራቷ ናት፤ ቡና ልጠቀልልባት ነበር፣ አሳዘነችኝ» ብሎ ይሰጠኛል። ግማሽ ታሪክ ማንበብ እንደማልወድ ነግሬው አላውቅም።

እኔ በፈንታዬ የዕቃዎቹን ጀርባ አነብለታለሁ። ማስቲካውን፣ ብስኩቱን፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የጁስ ዱቄት አንድ በአንድ ያቀርብልኛል።

«ይሄ ኢ ብሎ ቁጥር የጻፈው ምንድን ነው?»

«ቀለም ነው መሰለኝ። ወይም እንዳይበላሽ የሚያደርግ ነገር።»

«ስም የለውም?»

«በቁጥሩ ነው የሚጠራው።»

«በቁጥር የሚጠራ እስረኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለና ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

ይህ ነገሩ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ዘይነባ አንድ ጊዜ ለኢድ የተበጠበጠ ቀይ ጁስ ጠጥታ ከንፈሯና የዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት፣ ሐዋሳ ድረስ በመኪና ወስዷት ያውቃል። እዚያ ያከማት ሐኪም፣ አንዳንድ ሰውነት ምግብ ውስጥ የሚጨመረውን አንዳንድ ቀለም እንደማይቀበል አስረድቶታል። ከዚያ ወዲህ የሚሸጠውን ነገር ሁሉ ከሚገባበት ሰው ጋር አያይዞ ያስብ ነበር።

የኔ ሕመም የበረታው በአንድ ዓመት የገና ጾም ነው። ልክ እንደነበረው ልጻፈው፤ ሳይለዩት የሚሠቃዩ ሌሎች ሊኖሩ ይችላሉና። ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ታጥቦ ሳያልቅ፣ መጀመሪያ ጆሮዬ ይግላል። ከዚያ አንገቴና ደረቴ ሳማ የነካው ይመስል በቀይ በቀዩ ያብጥና ያሳክከኛል። ሁለቱን ጆሮ ግንዴን የሚጨምቅ ራስ ምታት ይከተላል። አፍንጫዬ ይደፈናል፤ ሳልሮጥ ልቤ የሮጠ ሰው ልብ ሆኖ ይመታል። ማታ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ይደበዝዝብኛል። ሲነጋ ግን ምንም የለም፤ ሽፍታው ቁስል ሳይሆን፣ ምልክትም ሳይተው ጠፍቶ ያድራል። ሰው እንዳያምነኝ ያደረገው ይኸው ነው። ክሊኒክ ስሄድ ሽፍታው የለም። ለታይፎይድ መድኃኒት ወሰድኩ፣ ቀጥሎ ለጨጓራ ወሰድኩ። ጎረቤቶቻችን ትምህርት በዝቶባት ነው አሉ።

እናቴ ግን የራሷን አስተውላ ነበር፤ ማስተዋሏም እውነት ነበር። «በፍስክ ደህና ነሽ። ጾም ሲገባ ይነሣብሻል። ረቡዕና አርብ ይነሣብሻል። ጾም የሚጠላ ነገር ነው ያደረብሽ» አለች። ቀኑን ሁሉ ልክ አግኝታዋለች፤ የሳተችው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። እንደኛ ቀኑን በጾምና በፍስክ ለሚቆጥር ሰው ግን ከዚያ ሌላ ምን ይታየዋል? ወሰነች። ሁዳዴን ጠበል ልንቀመጥ። ያ ዓመት የማትሪክ ዓመቴ ነው።

«እማዬ፣ ፈተናው ያመልጠኛል።»

«ፈተና ነፍስ አያድንም።»

«ከዚህ በኋላ ደግሜ አልማርም እኮ። ዕድሜዬን እያየሽው።»

«ነፍስሽ ትዳንና ዕድሜው ይታያል» አለች፤ ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን እስክሪብቶ ልገዛ ስሻገር ጋሽ ሸምሱ አንገቴን አየው። ነጠላዬን ሳብ አደረግኩ፤ አልረዳኝም።

«ምን ነክቶሽ ነው?»

«ያው ሕመሜ ነው። እማዬ ጠበል ልትወስደኝ ነው፤ ትምህርቱም አከተመ።»

ቆቡን ከፍ አደረገ። «ቀስ። መጀመሪያ ሰዓቱን ንገሪኝ።»

ይህቺ ንግግሩ ነበረች። ማንም ሆዴን ቢለው፣ ራሴን ቢለው፣ ከምንም በፊት ሰዓቱን ይጠይቃል። ነገርኩት። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ከመብላትሽ በፊት ነው በኋላ? ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ? ምን ያህል ይቆያል? ሲጠፋ ይላጣል? ከንፈርሽስ ያብጣል? ትንፋሽስ ያጥርሻል? «ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ወሬ የለም፤ ሐኪም ቤት ነው፣ ያን ሰዓቱን» አለኝ፤ የዘይነባ ነገር ዓይኑ ላይ መጣ። ትንፋሽ አያጥረኝም ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠረው ብስኩቱን ነው። ወደ ማታ ትምህርት ስሄድ እየገዛሁ የምበላው መሀሉ ቢጫ ክሬም ያለው ብስኩት ነበር። «ተይው» አለኝ፤ ተውኩት። ሕመሙ አልተወኝም። «እንግዲህ ተሳስቻለሁ» አለ፤ ስህተቱን ሲናገር አያፍርም። የጣሳ ቲማቲሙን ጠረጠረ፤ እሱም አልነበረም። ከገና በኋላ ፍስክ ሲሆን ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ረቡዕና አርብ ብቻ ብቅ ይላል። ይህን ስነግረው ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። እጁን አቆመ።

«እኔ የናንተን ጾም በመደርደሪያዬ ነው የማውቀው» አለ። «ካላንደር አላይም። ጾማችሁ ሲቀርብ ሁለት ነገር ያልቅብኛል። አንዱ ዘይት ነው። ዘይቱን በፍስክም ትበያለሽ።» ዞረና ከላይኛው ተራ በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለችውን የወጥ ማጣፈጫ አውርዶ ፊቴ አስቀመጣት። «ሌላዋ ይቺ ናት። እናትሽ ጾም ሲገባ ነው የምትወስዳት፤ በፍስክ ቅቤ አላትና።»

ወረቀቷን አገላብጬ አነበብኩ፤ ጨው፣ ማጣፈጫ፣ ቀለም፣ ቁጥር፣ ቁጥር። እያነበብኩ የታየኝ ግን የእናቴ እጅ ነው። የእናቴ የጾም ሽሮ በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ቅቤ የገባበት ነው እንጂ ብለው የሚከራከሩ ነበሩ። እሷም «የእጄ ነው» ትላለች። ስታማ እንደማትደብቀው ሁሉ ስትሞላልኝም አትደብቅም፤ ከድስቱ ለኔ ስታወጣ አንዷን ጨምራ በጣቷ ፈርፍራ «አንቺ የምታጠኚ ነሽ፣ ይጣፍጥሽ፣ ብይ» ትለኛለች።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«ለምን? ከነገርኳት ጠበሉም ይቀራል፣ ትማሪያለሽ።»

«ወጡን የምትሠራው እሷ ናት።»

አንድ የገጠር ሰው መጥቶ ጨው ገዝቶ ሄደ። «ገባኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን እኔ ባለሱቅ ነኝ። ሐኪም ይስማው።»

ሄድኩ። ሰዓቱን፣ ቀኑንና የምበላውን በቅደም ተከተል ስነግራት ወጣቷ ሐኪም ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። የምለው የሚያስኬድ ነው አለች። ከማጣፈጫው ውስጥ የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት ማወቅ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይነካው ይበላዋል፤ ያንቺ ሰውነት ግን እንቢ ብሎ ይሆናል። ለጥቂት ሳምንት ጨርሶ ይቅርና ይታይ፤ ሌላውን ምግብ ሁሉ በፍርሃት እንዳትተይ፤ ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቤት ሆነሽ እንዳትሞክሪ። የተናገረችውን ለጋሽ ሸምሱ ሳልጨምር ሳልቀንስ ደገምኩለት። «መልካም። ሌላውን ለኔ ተይው» አለኝ።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል እናቴ ከሱቅ እያጉረመረመች ተመለሰች። «ማጣፈጫ አልቋል ይላል። በዚህ ጊዜ ያልቃል?» ሌላ ሱቅ እንዳትሄድ ጉልበቷ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አትሄድም፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ከሸምሱ ሌላ ደጅ አልረገጠችም። እኔን ስትልከኝም ባዶ እጄን እመለሳለሁ። በጀሪካን ያስመጣችውን ጠበል ጠዋት ጠዋት ታጠጣኛለች፤ ጠበሉ ቤት የምንገባው ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት አለፈ፤ ጆሮዬ አልጋለም። ሁለተኛው አለፈ። እናቴ አንገቴን ገልጣ አየችና ተንበርክካ መሬት ሳመች። ጠበሉ ከነጀሪካኑ መጥቶ ካዳነኝ ወዲያ መሄድ አላስፈለገም። ትምህርቴን ቀጠልኩ።

«ጠበሉን እንዳትነኪባት» አለኝ ጋሽ ሸምሱ። «ያረጋጋሽ እሱም ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?»

ማትሪክ ያለፍኩ ዕለት ሱቁን በቀን ዘግቶ መጣ፤ በቀን ዘግቶ አያውቅም ነበር። ሰው ሁሉ ለስላሳና ኬክ ይዞ ሲመጣ እሱ በብልቃጥ ማር ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ሰጠኝና ዝቅ ብሎ፣ «ጀርባው ላይ የሚነበብ ነገር የለውም» አለኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ነገር ተሰጥቶኛል። ያን ብልቃጥ ግን አሁንም ስጽፍ እጄ ላይ ይከብደኛል።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆሜ ስሰማ ማጣፈጫ ልትገዛ የመጣችን ሴት «የለም እህቴ» ብሎ መለሳት። ሌላም መጣች፤ እሷንም መለሳት።

«እነሱን ለምን ትመልሳቸዋለህ?» አልኩት። «እነሱን አያማቸው።»

«ለእናትሽ አልቋል ብዬ ለጎረቤቷ ብሸጥ ውሸታም መሆኔ ነው። እኔ ውሸት አልወድም» አለ። «ስለዚህ ማምጣት ተውኩ። አሁን አልቋል ስል እውነት ነው።»

በጾም ዋዜማ ባለሱቅ ማጣፈጫ የለኝም ሲል ደንበኛው ሌላውንም ዕቃ ከሌላ ሱቅ ይገዛል። ሄዱበት። ሴቶቹ «ሸምሱ አልቋል» የሚል ስም አወጡለት። ከሁሉ የባሰችው እናቴ ነበረች፤ ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ወይ ሸምሱ! ነጋዴ ነኝ ይላል!» እያለች ታስቃለች። አስቃ ስትጨርስ ጠበሉ ልጇን እንዴት እንዳዳናት ትተርካለች። ሁለቱን አከታትላ ስትናገር እኔ ጓዳ እገባ ነበር። ስሙን ባድን የእናቴን ልብ እሰብራለሁ። አንድ ጊዜ፣ ከማኅበር የወጡ ሴቶች በሱቁ በር እያለፉ ስሙን ጠርተው ሲስቁ ደርሼ፣ «ዛሬ ልነግራት ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ለኔ ሳቅ ነው። ለሷ ሳቅ አይሆንላትም።»

ብዙ ዓመት እንዲህ ኖርን። እኔ ኮሌጅ ጨረስኩ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆንኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ አዲስ የመጣውን ዕቃ ጀርባ አነብለታለሁ፤ እሱ ከነራሷ ከነጅራቷ የሆነችውን ወረቀት ያቀብለኛል። ሌላ ምንም አልነበረም። «ቀስ» የሚለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ስቸኩል አንዳንዴ ቆም እላለሁ፤ የሚለኝ ግን የለም።

ከሞተ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ከረመ። ከዚያ የወንድሙ ልጅ ከቡታጅራ መጥቶ ከፈተው። ቀለም ቀባው፤ መደርደሪያውን እስከ ጣሪያ ሞላው። በአንድ አርብ ቀን ለምሳ ቤት ስገባ እናቴ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። ሽሮው እየተንተከተከ ነው።

«ተቀመጪ፣ ተቀመጪ። ዛሬ የድሮ እጄን ትቀምሻለሽ! አልቋል የማይል ልጅ መጣልን።» ምጣዱ አጠገብ ያችን የሚያብለጨልጭ ወረቀት አየኋት። «ነፍሱን ይማረውና ያ ሰውዬ ስንት ዘመን በአልጫ ቀጣኝ! ሙት አይወቀስም፤ ግን ንግድ አልፈጠረበትም።» ከድስቱ አወጣችልኝ፤ አንዷን ጨምራ በጣቷ ፈረፈረች። «ብይ።»

አልበላሁም። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩና እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምነው? አልጣፈጠሽም? ሳትቀምሺው?»

«እማዬ፣ ያኔ ያመመኝ ይሄ ነው።»

«ምኑ?»

ነገርኳት። ሰዓቱን፣ ብስኩቱን፣ መደርደሪያውን፣ ሐኪሟ ያለችውን፣ እሱ ማምጣት ለምን እንደተወ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ እስከ መጨረሻው። ጠበሉን አልነካሁትም። እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ። ሽሮው ከሥሩ መያዝ ጀመረ፤ ሁለታችንም አላወረድነውም።

«በገዛ እጄ?» አለች።

«አታውቂም ነበር።»

«እየጨመርኩልሽ!»

«እንዲጣፍጠኝ ብለሽ ነው።»

ድስቱን አወረደች። ዱካው ላይ ተቀመጠች። «እሱስ ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«እንዲህ እንዳትሆኚ ብለን ነው።»

«እኔ በሰው ፊት ስሙን ሳጠፋ?»

«ይሰማ ነበር። ለኔ ሳቅ ነው ይላል።»

እናቴ አላለቀሰችም። ድስቱን ይዛ ወጥታ ደጅ ደፋችው። ተመልሳ እጇን በሳሙና፣ እንደገና በሳሙና ታጠበች። ከዚያ መኝታ ቤት ገባች፤ ስትወጣ ቀሚሷን ለውጣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር።

«ተነሺ። ዘይነባ ጋ ልቅሶ እንድረስ።»

«እማዬ፣ ደርሰሽ የለም እንዴ? ሠልስቱን ሙሉ እዚያ አልነበርሽም?»

በሩን ከፍታ አንድ እጇን መቃኑ ላይ አሳርፋ ጉልበቷን አደላደለች።

«ያኔ የደረስኩት ለባለሱቅ ነው» አለችኝ፤ መንገዱንም መሻገር ጀመረች።